አንዱ ጎማ ሲዞር ሌላው ለምን ይቆማል?
(ስለ ዲፈረንሻልና ስለ ዲፍሎክ አጠቃቀም የቀረበ ትምህርታዊ ጽሑፍ)

በዚህ አምድ ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚወጣው ስለ ማስተማር ዘዴ ወይም ስለ ጤና አጠባበቅ ነው። ዛሬ ግን ስለ መኪና ልንጽፍ ተነሥተናል። «መምህርንና መኪናን ምን አገናኛቸው?» የሚል ቢኖር፣ እስከ መጨረሻው አንብቦ ይፍረደን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ሰኔ ለማስተማር ልምምድ ከደጎሎ ወጣ ብላ በምትገኝ አንዲት የገጠር ትምህርት ቤት ተመድበን ነበር። የጃማን ሜዳ የሚያውቅ ሰው ዋልካውን ያውቀዋል። በበጋ እግር እስኪያስገባ ድረስ የሚሰነጣጠቀው ጥቁር አፈር፣ ክረምት ሲገባ ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፤ እንደ ሊጥ ይሆናል። ሁለት ቀን ሙሉ ሲዘንብ ከቆየ በኋላ፣ በምጥ የተያዘች እናት ይዛ የምትመለስ አምቡላንስ ከትምህርት ቤቱ በታች ባለው ማጥ ተያዘች። እኛም፣ ተማሪዎቹም፣ ከማሳ የመጡ ሰዎችም ተረባርበን ገፋን። መኪናዋ ንቅንቅ አላለችም። የቀኝ የኋላ ጎማዋ እንደ እንዝርት ይሾራል፣ ጭቃውን ፊታችን ላይ ይረጫል። በድንጋያማው ዳር ላይ ያረፈው የግራ ጎማዋ ግን ቀጥ ብሎ ቆሟል።

በመጨረሻ እናቲቱ በወሳንሳ ሆና በሰው ትከሻ ሁለት ሰዓት ያህል ተጉዛ ከጥርጊያው መንገድ ደረሰች፣ ከዚያም በሌላ መኪና ተወሰደች። በሰላም ተገላገለች፣ እናትም ልጅም ደኅና ናቸው። እኛ ግን አንድ ነገር ከንክኖን ቀረ። በማግሥቱ አንዲት የስድስተኛ ክፍል ተማሪ እጇን አውጥታ፣ «መምህር፣ ደረቁን መሬት የረገጠው ጎማ ቆሞ፣ ጭቃ ውስጥ ያለው ለምን ብቻውን ይዞራል? ሞተሩ ደረቁን ለምን አያዞረውም?» ብላ ጠየቀችን። እኛም እርስ በርሳችን ተያይተን ዝም አልን። ሳይንስ እናስተምራለን ብለን ከፊቷ ቆመን፣ በዓይኗ ያየችውን ነገር ልናስረዳት አልቻልንም። ይህ ጽሑፍ ያኔ ያልሰጠናት መልስ ነው።

1/ ዲፈረንሻል ለምን አስፈለገ?

በመጀመሪያ መኪና ሲታጠፍ ምን እንደሚሆን እንመልከት። ወደ ወንጪት ሸለቆ ወይም ከመካነ ሰላም ወደ ዓባይ በረሃ የወረደ ሰው፣ መንገዱ እንደ እባብ እየተጥመለመለ እንደሚሄድ ያውቃል። በእያንዳንዱ ጥምዝ ላይ የውስጠኛው ጎማ በአጭሩ ክብ፣ የውጪው ጎማ በረጅሙ ክብ ይጓዛሉ።

በግራና በቀኝ ጎማ መካከል ያለው ርቀት 1.5 ሜትር ነው እንበል። መኪናው ግማሽ ክብ ሲዞር፣ የውጪው ጎማ ከውስጠኛው 3.14 × 1.5 = 4.71 ሜትር ያህል አስበልጦ ይጓዛል። የጎማው ወርድ ከጫፍ እስከ ጫፍ 0.75 ሜትር ቢሆን፣ አንድ ዙር ሲዞር 2.355 ሜትር ይሄዳል። 4.71 ለ2.355 ሲካፈል 2 ይመጣል። እንግዲህ በእያንዳንዱ ግማሽ ክብ ጥምዝ የውጪው ጎማ ሁለት ዙር አስበልጦ መዞር አለበት ማለት ነው። ጥምዙ ጠባብ ይሁን ሰፊ፣ ልዩነቱ ያው ሁለት ዙር ነው። የማያምን አስልቶ ይመልከት።

ሁለቱ ጎማዎች በአንድ ወጥ ዘንግ ላይ ቢታሰሩ ኖሮ ይህ ልዩነት መውጫ ስለማይኖረው፣ ወይ ጎማው መሬቱን እየፋቀ ያልቃል፣ ወይ ዘንጉ ይጠመዘዛል። ለዚህ ችግር መፍትሔ የሆነው ዲፈረንሻል ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1820ዎቹ መጨረሻ ኦኔሲፎር ፔከር የተባለ ፈረንሳዊ በእንፋሎት ለሚሄድ ተሽከርካሪ እንዲያገለግል አድርጎ ሠራው። በኋለኛው ዘንግ መካከል ጉብ ብሎ የሚታየው ብረት ቤቱ ነው። በውስጡ ከሞተር የመጣው ኃይል አንድ ትልቅ ባለ ጥርስ ክብ ያዞራል። ከዚህ ክብ ጋር የተያያዙ ትንንሽ ጥርሶች ደግሞ ኃይሉን ለግራና ለቀኝ ዘንግ ያካፍላሉ፤ አንዱ ሲዘገይ ሌላው እንዲፈጥን ይፈቅዳሉ።

2/ ቀንበሩና ሞፈሩ

ይህንን ለገጠር ልጅ ለማስረዳት ከቀንበር የተሻለ ምሳሌ አላገኘንም። ሞፈሩ ከቀንበሩ መካከል ላይ በምራን ይታሰራል። ሁለቱ በሬዎች በሁለቱ ጫፍ ይጎትታሉ። ቀንበሩ በመካከሉ ላይ ወዲያና ወዲህ ማዘንበል ስለሚችል፣ አንዱ በሬ ትንሽ ቢቀድም ሌላው ትንሽ ቢዘገይ ሥራው አይቆምም። ነገር ግን አንዱ በሬ ጨርሶ መጎተት ቢተውስ? ቀንበሩ ወደ ጎን ይዞራል እንጂ፣ ሌላው በሬ ጎበዝ ቢሆንም ሞፈሩን ወደፊት ሊያስኬደው አይችልም። ጎበዙ በሬ የሚጎትተው ደካማው የሚጎትተውን ያህል ብቻ ይሆናል።

ዲፈረንሻልም ሕጉ ይኸው ነው። ለሁለቱ ጎማዎች ሁልጊዜ እኩል የመጠምዘዝ ኃይል ይሰጣል። እኩል ማካፈሉ በደህና መንገድ ላይ ጥሩ ነው። በማጥ ውስጥ ግን ደካማው ጎማ መቀበል የቻለው ያህል ብቻ ለጠንካራው ይደርሰዋል። የጭቃው ጎማ ምንም የሚይዘው ነገር ስለሌለ ምንም አይቀበልም፤ ስለዚህ ደረቁን የረገጠውም ምንም አያገኝም። ለልጅቱ ጥያቄ የመጀመሪያው መልስ ይህ ነው።

3/ በቁጥር እንየው

ሁለት ነገሮችን ለይቶ ማየት ያስፈልጋል፦ ፍጥነትንና ኃይልን።

ሀ/ ፍጥነት። የሁለቱ ጎማዎች ዙር ተደምሮ ለሁለት ሲካፈል የትልቁን ጥርስ ዙር ይሰጣል። ትልቁ ጥርስ በደቂቃ 100 ጊዜ ቢዞርና የግራው ጎማ ቢቆም፣ የቀኙ 200 ጊዜ ይዞራል። ሾፌሩ ነዳጅ በረገጠ ቁጥር የጭቃው ጎማ በእጥፍ እየሾረ ጉድጓዱን ይቆፍራል እንጂ የግራው አይነቃነቅም።

ለ/ ኃይል። ለምሳሌ ያህል በእያንዳንዱ የኋላ ጎማ ላይ 6,000 ኒውተን ክብደት አረፈ እንበል። በደረቅና ጠጠራማ መሬት ላይ ጎማው የክብደቱን 0.6 ያህል መያዝ ቢችል፣ 3,600 ኒውተን ይገፋል። በረጠበ ዋልካ ላይ 0.1 ብቻ ቢይዝ፣ 600 ኒውተን ይገፋል። መኪናውን ከማጡ ለማውጣት 2,500 ኒውተን ቢያስፈልግስ?

በተራ ዲፈረንሻል፦ 600 + 600 = 1,200 ኒውተን። አይወጣም።
ሁለቱ ጎማዎች ቢታሰሩ፦ 3,600 + 600 = 4,200 ኒውተን። ይወጣል።

ሞተሩ ያው፣ ጎማውም ያው፣ ጭቃውም ያው ነው። የተለወጠው የኃይሉ አከፋፈል ብቻ ነው።

4/ ዲፍሎክ ምን ይሠራል?

ዲፍሎክ ማለት የዲፈረንሻል መቆለፊያ ማለት ነው። በዲፈረንሻሉ ውስጥ ባለ ጥርስ ቀለበት ወይም ችንካር ተንሸራትቶ ይገባና አንዱን ዘንግ ከትልቁ ባለ ጥርስ ክብ ጋር ያቆላልፈዋል። ትንንሾቹ ጥርሶች በየራሳቸው መዞር ይሳናቸዋል፤ ግራና ቀኝ ጎማዎች እንደ አንድ ወጥ ዘንግ አብረው ይዞራሉ። በቀንበሩ ምሳሌ ከሄድን፣ ምራኑን ፈትተን ቀንበሩን ከሞፈሩ ጋር እንዳያዘነብል አድርገን በብረት እንደመቸንከር ነው። ያኔ አንዱ በሬ ቢቆምም ሌላው ብቻውን ይጎትታል። ነገር ግን በማሳው ጫፍ ላይ ጥማዱን መመለስ ምን ያህል እንደሚያስቸግር አስቡት! የዲፍሎክም ጥቅሙና ጉዳቱ ከዚሁ ከአንዱ ነገር ይመነጫል።

መቆለፊያውን የሚያንቀሳቅሰው እንደ መኪናው ዓይነት ይለያያል። በአንዳንዱ ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር፣ በአንዳንዱ የታመቀ አየር፣ በሌላው ገመድ ወይም ዘንግ ነው። በእርሻ ትራክተር ላይ በእግር የሚረገጥ ሆኖ እናገኘዋለን። ዲፍሎክ በተገጠመላቸው አንዳንድ ላንድክሩዘሮች ላይ ከመሪው አጠገብ ክብ ማዞሪያ አለ፤ አንድ ጊዜ ሲዞር የኋላውን፣ ሁለተኛ ጊዜ ሲዞር የፊቱንም ይቆልፋል። ሁሉም ላንድክሩዘር ግን ይህ የለውም። ስለዚህ አስቀድሞ የራስን መኪና ማወቅ ይገባል።

አንዳንድ ሰዎች «ፍሬን እየረገጡ ነዳጅ መስጠት ያወጣል» ይላሉ። ነገሩን በሕጉ ስንመረምረው ብዙም አያስኬድም። ፍሬኑ የሚሾረውንም የቆመውንም ጎማ እኩል ስለሚይዝ፣ በአንዱ በኩል የተገኘው በሌላው በኩል ይጠፋል። በትራክተር ላይ ግን የግራና የቀኝ ፍሬን ፔዳል የተለያየ ስለሆነ፣ የሚሾረውን ብቻ መያዝ ይቻላል፤ ይህ በእርግጥ ይረዳል። በአዳዲስ መኪናዎች ላይም ኮምፒዩተር የሚሾረውን ጎማ ብቻ መርጦ በፍሬን ይይዘዋል።

5/ «አራቱም ጎማ ይሠራል» ሲባል

ብዙዎቻችን ፎር ባይ ፎር መኪና በአራቱም ጎማ ስለሚገፋ አይያዝም ብለን እናምናለን። ይህ ስሕተት ነው። በብዙዎቹ የገጠር መኪናዎች ላይ የፊቱ ማርሽ ሲገባ፣ የሚቆላለፈው ወደ ፊት የሚሄደው ዘንግ ወደ ኋላ ከሚሄደው ዘንግ ጋር ነው። በየዘንጉ መካከል ያለው ዲፈረንሻል ግን እንደተፈታ ነው። እንግዲህ አንድ የፊት ጎማና አንድ የኋላ ጎማ በማጥ ውስጥ ከሆኑ፣ እነዚያ ሁለቱ ይሾራሉ፣ ደረቁን የረገጡት ሁለቱ ይቆማሉ። ባለ አራት የተባለው መኪና በሁለት ጎማ ተይዞ ያድራል።

በተጨማሪም በአንዳንድ መኪናዎች በእያንዳንዱ የፊት ጎማ መሃል ላይ በእጅ የሚዞር መቆለፊያ አለ። እሱ ካልተዞረ የፊቱ ማርሽ ቢገባም ኃይሉ ጎማው ላይ አይደርስም። ጭቃ ውስጥ ከገቡ በኋላ ጎንበስ ብሎ እሱን መፈለግ መከራ ስለሆነ፣ ዋልካው ሳይጀምር በደረቁ ላይ ቆሞ መዝጋት ይሻላል።

6/ የአጠቃቀም ደንቦች

ከዚያ ወዲህ በሥራው ያረጁ አንድ ሾፌር አግኝተን በዝርዝር አስረዱን። «ልጆች፣ ዲፍሎክ ከማጥ ማውጫ አይደለም፤ ማጥ ውስጥ አለመቅሪያ ነው» አሉን። ከነገሩንና ከተረዳነው በመነሣት ደንቦቹን እንደሚከተለው አስቀምጠናል።

1ኛ/ ቀድሞ ማየት። ከማጡ በፊት ቆሞ፣ ወርዶ፣ በእግር ረግጦ ማየት። የጥልቀቱን ልክ በእንጨት መለካት።

2ኛ/ ቀድሞ መቆለፍ። መኪናው ቆሞ ወይም በዝግታ እየሄደ፣ ጎማው ሳይሾር፣ ነዳጅ ሳይረገጥ። ጎማ እየሾረ ዲፍሎክ ማስገባት በሚሮጥ መንኮራኩር ውስጥ ብረት እንደመክተት ነው፤ ጥርሱን ይሰብራል።

3ኛ/ በቀስታው ማርሽ መጠቀም። ዝቅተኛው ማርሽ የጎማውን ጉልበት ይጨምራል፣ ፍጥነቱን ይቀንሳል። በብዙ መኪናዎች ላይም ዲፍሎኩ የሚገባው ይህ ማርሽ ሲገባ ብቻ ነው። በአንደኛ ማርሽ ጎማው በቀላሉ ስለሚሾር፣ በሁለተኛ መነሣት ብዙ ጊዜ ይሻላል።

4ኛ/ መብራቱን መጠበቅ። በአንዳንድ መኪናዎች ላይ መብራቱ ብልጭ ድርግም ካለ ጥርሱ ገና አልገባም። ቀስ ብሎ ጥቂት ወደፊት ማለት ነው። ሲረጋ ገብቷል።

5ኛ/ የኋላውን አስቀድሞ፣ የፊቱን በስተመጨረሻ። የፊቱ ሲቆለፍ መሪው ይከብዳል፣ መኪናው ቀጥ ብሎ መሄድ ይፈልጋል። ስለዚህ መሪውን ቀጥ አድርጎ መያዝ፣ ሳይቆሙ ሳይቸኩሉ በአንድ ወጥ ነዳጅ መሄድ።

6ኛ/ ሲወጡ ወዲያው መፍታት። መብራቱ መጥፋቱን ማረጋገጥ። በደረቅ ጥርጊያ ወይም በአስፋልት ላይ ከነቆለፉት መታጠፍ፣ ቀደም ብለን ያሰላነውን ሁለት ዙር በዘንጉ ላይ መጫን ነው። ዘንጉ ቢሰበር ጥገናው ቀርቶ ዕቃውን ማግኘቱ ራሱ ስንት ቀን ይወስዳል!

7/ ዲፍሎክ የማይረዳበትና የሚጎዳበት ጊዜ

ሀ/ ሆዱ ካረፈ። የመኪናው ሆድ ወይም የዲፈረንሻሉ ጉብታ ጭቃው ላይ ከተቀመጠ፣ ክብደቱን የተሸከመው ጎማው ሳይሆን ሆዱ ነው። ጎማ ላይ ክብደት ከሌለ ደግሞ መያዝ የለም። እዚህ የሚያስፈልገው ዶማና አካፋ ነው። ጎማውን በክሪክ አንሥቶ ከሥሩ ድንጋይና ቅርንጫፍ መደልደል።

ለ/ በጎን ተዳፋት። ይህ ለደጋችን ዋነኛው ነው። በተዳፋት ላይ በጎን ሲሄዱ፣ ዲፍሎክ ካልተቆለፈ አንዱ ጎማ ቢሾርም ሌላው ቆሞ መኪናውን ከመንሸራተት ይይዘዋል። ከተቆለፈ ግን ሁለቱም አብረው ስለሚሾሩ የመኪናው ኋላ ወደ ገደሉ ሊንሸራተት ይችላል። ገደል አፋፍ ባለበት መንገድ ሰውን አውርዶ ማለፍ ይገባል።

ሐ/ አራቱም ጎማ ማጥ ውስጥ ከሆነ። 600 በአራት ቢባዛ 2,400 ነው። ከሚያስፈልገው 2,500 አይደርስም። ዲፍሎክ ያለውን መያዝ ያከፋፍላል እንጂ የሌለውን አይፈጥርም።

መ/ የሚገፉ ሰዎች። የሚሾር ጎማ ድንጋይ ይወረውራል። ከጎማው ኋላ ትይዩ አለመቆም፣ ገመድ ሲወጠር ልጆችን ማራቅ። እኛ በዚያ ቀን ልጆቹን ከጎማው ኋላ አሰልፈን ማስገፋታችን ትልቅ ስሕተት ነበር። ጉዳት ያልደረሰው በዕድል ነው።

8/ በክፍል ውስጥ እንዴት እናስተምረው?

ውድ እጩ መምህራን ጓደኞቻችን፤ ለዚህ ትምህርት መኪና አያስፈልግም። አንድ ክንድ ተኩል የሚሆን ዱላ፣ ሲባጎ፣ ሁለት ሚስማርና ሌላ አንድ እንጨት ይበቃል።

የመጀመሪያው ሙከራ፦ ሲባጎውን በዱላው መካከል እሰሩ። ሁለት ተማሪዎች የዱላውን ሁለት ጫፍ ይያዙ፣ ሦስተኛው ሲባጎውን ይጎትት። ሁለቱም እኩል ይሰማቸዋል። አሁን አንዱ ይልቀቅ። ዱላው ይዞራል፣ ያልለቀቀው ተማሪ ጉተታው ከእጁ ይጠፋበታል። ይህ ተራ ዲፈረንሻል ነው።

ሁለተኛው ሙከራ፦ ሲባጎውን ፈትታችሁ ሌላውን እንጨት በዱላው መካከል ላይ በሁለት ሚስማር አጥብቃችሁ ምቱ። ሦስተኛው ተማሪ እንጨቱን በሁለት እጁ አጥብቆ ይያዝ፣ ወደ ጎን እንዳይዞር ይጠንቀቅና ይጎትት። አንዱ ቢለቅም ሌላው ጉተታው ይሰማዋል። ይህ ዲፍሎክ ነው። በመጨረሻም ሦስቱ ተማሪዎች እንዲህ እንደተያያዙ ጠባብ ጥግ እንዲዞሩ አድርጉ። እያጉረመረሙ ሲጋፉ፣ በአስፋልት ላይ የሚሰበረው ለምን እንደሆነ ሳትነግሯቸው ይገባቸዋል።

መደምደሚያ

ከጥቂት ሳምንት በኋላ ያችኑ አምቡላንስ ቆማ አገኘናትና ሾፌሩን አስፈቅደን ወደ ውስጥ ተመለከትን። ማዞሪያዋ አለች! አቧራ ለብሳ ከመሪው አጠገብ ተቀምጣለች። ሾፌሩም፣ «እሷ ምን እንደምትሠራ የነገረኝ የለም፤ የሚያበላሽ መስሎኝ ነክቻት አላውቅም» አለን። እኛ በሾፌሩ አልፈረድንም። ያላስተማሩትን ሰው ማን ይወቅሰዋል? በዚያን ቀን ሠላሳ የምንሆን ሰዎች እየገፋን ሳለ፣ መፍትሔው ምናልባት ከሾፌሩ እጅ አንድ ስንዝር ርቀት ላይ ነበር። በመካከላችን የጎደለው አንድ የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው።

ነገ በየገጠሩ ስንበተን፣ በብዙ ቀበሌ መጽሐፍ አንብቦ የሚያስረዳ ሰው ሲፈለግ የሚጠራው መምህር ነው። መኪና መንዳት ባንችል እንኳ የመመሪያውን ደብተር አንብበን ለሾፌሩ ልናስረዳው እንችላለን። ከሁሉ በላይ ግን «መምህር፣ ለምን?» ስትባሉ ዝም አትበሉ። ካላወቃችሁ «አላውቅም፣ ፈልጌ እነግርሻለሁ» በሉ፤ ከዚያም ፈልጋችሁ ንገሯት። እኛ ለዚያች ልጅ መልሱን ይዘን በመስከረም እንመለሳለን።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1/ ትልቁ ጥርስ በደቂቃ 80 ጊዜ ቢዞርና የግራው ጎማ 30 ጊዜ ቢዞር፣ የቀኙ ስንት ጊዜ ይዞራል?
2/ አንዱ የኋላ ጎማ ከመሬት ተነሥቶ በአየር ላይ ቢንጠለጠል፣ ተራ ዲፈረንሻል ያለው መኪና ስንት ኒውተን ይገፋል? ለምን?
3/ በባለ ሦስት እግር ባጃጅ ላይ ዲፈረንሻሉ በየትኞቹ ጎማዎች መካከል ይገኛል? ለምን በፊተኛው አልሆነም?

መልሱን የሠራ ሰው በወረቀት ጽፎ ከዚህ ሰሌዳ ግርጌ ይለጥፍ። ስሕተት ያገኘብን መምህርም ሆነ ጓደኛ ቢያርመን በደስታ እንቀበላለን።